የባሕር ሽንሸናና የሀብት ሂሳብ ሀረማያ ሐይቅ ላይ እንዴት ይሠራል?

ሸዋ በር (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሀረማያ ሐይቅና ለተፋሰሱ የአጠቃቀም ዕቅድ ረቂቅ እያዘጋጀን ነው። ሐይቁ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ሐረር የውሃ ምንጯን ማጣቷን የማያውቅ እዚህ የለም። አሁን ውሃው ተመልሷል። ከውሃው ጋር ግን የውሃ መሳቢያ ሞተሩ፣ የጫትና የአትክልት ማሳው፣ የሚጠጣው ከብት፣ የሽርሽር ጀልባው፣ «ዓሣ እንልቀቅበት» የሚለው ሐሳብም አብሮ መጥቷል።

ባሕር ያላቸው አገሮች እንዲህ ያለውን መጋፋት የሚያስታግሱት በሁለት ነገር እንደሆነ አነበብኩ። አንደኛው ባሕሩን በአገልግሎት መሸንሸን ሲሆን ሁለተኛው የሀብቱን ገቢና ወጪ እንደ ሂሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ይህን ወደ ሐይቅ ማምጣት ይቻላል? ከተቻለ ከየትኛው ይጀመራል፣ ከካርታው ወይስ ከሂሳቡ? ሌላው ያስቸገረን ነገር ዳርቻው ነው። ውሃው በየዓመቱ ይሸሻል፣ ይመለሳል፤ ዛሬ የሣልነው መስመር ለከርሞ ማሳ ውስጥ ይገኛል። እባካችሁ ቁጥርና አሠራር ያለበት መልስ ስጡኝ፤ ሰፊ መግለጫ ከበቂ በላይ አለን።

ለገሀሬ (ድሬዳዋ)

አቦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባሕር ላይ ስለሚሠራው ልንገርሽና የትኛው ለሐይቅ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደማይሆን እንለይ።

ባሕር ሲሸነሸን የመጀመሪያው መስመር የሕግ መስመር ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት የአንድ አገር የግዛት ባሕር እስከ 12 የባሕር ማይል (22 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠናው እስከ 200 የባሕር ማይል (370 ኪሎ ሜትር) ይደርሳል። ዕቅዱ የሚሠራው በዚህ ውስጥ ነው። የአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ፓርክ 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በ2004 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲሸነሸን ማጥመድ የተከለከለበት ክፍል ከ5 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 33 በመቶ አደገ። እዚያ የሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ባሕሩን በተፈጥሮ ዓይነቱ በ70 ክፍል ለዩት፤ ቀጥሎ «ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ 20 በመቶ ይጠበቅ» የሚል ደንብ አወጡ። ጥበቃው ማንም በማይፈልገው ጥልቅ ውሃ ላይ ብቻ እንዳይከመር ያደረገው ይህ ደንብ ነው። ሐይቅ ላይም ፈተናው እዚያው ነው። መሐሉን «የተጠበቀ» ብሎ ዳርቻውን መተው በጣም ቀላል ነው፤ ሣሩ፣ ወፉና የዓሣው መራቢያ ያለው ግን ዳርቻው ላይ ነው።

ከካርታው በፊት አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ። በሐይቁና በዙሪያው ያለውን አገልግሎት ሁሉ ዘርዝሩ፦ የመጠጥ ውሃ፣ መስኖ፣ ከብት ማጠጫ፣ ዓሣ፣ ጀልባ፣ ልብስ አጠባ፣ የወፍና የሣር መኖሪያ፣ ከከተማው የሚመጣ ጎርፍና ፍሳሽ መግቢያ። ስምንት ሆኑ፤ ሁለት ሁለቱን ስታጋጥሚ 28 ጥንድ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ጥንድ ከሦስት መልስ አንዱን ጻፉ፦ አብሮ ይሄዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይሄዳል፣ አይሄድም። ካርታ ላይ መለያየት የሚያስፈልጋቸው «አይሄድም» የተባሉት ብቻ ናቸው። ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ቀለም ሰጥቶ አብረው መኖር የሚችሉትንም ስለሚያፋታ ነው። «በቅድመ ሁኔታ» የሚለው ውስጥ ደግሞ ሰዓትና ወቅት ይገባሉ። ጀልባና ዓሣ ለምሳሌ በመራቢያ ወራት ብቻ ይጋጫሉ፤ እነዚህን መስመር ሳይሆን ቀን መቁጠሪያ ይለያቸዋል።

አሁን ስለ ዳርቻው። በአውስትራሊያው ፓርክ ድንበሩን ኬክሮስና ኬንትሮስ ላይ ቆርጠው ያሰመሩት አጥማጁ በጂፒኤስ እንዲያየው ነው። ሀረማያ ላይ ይህን እንዳለ ብትገለብጪው ይከሽፋል፣ ምክንያቱም ውሃው ራሱ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ቀጠናው የሚሰመረው በከፍታ ነው። ሐይቁ ሲሞላ የሚደርስበትን ከፍታ ፈልጋችሁ (የድሮ ደለልና የሸንበቆ ምልክት፣ የሽማግሌዎች ምስክርነትና የሳተላይት ምስል ተደማምሮ) መሬት ላይ የኮንክሪት ምልክት ትከሉበት። ከዚያ መስመር በታች ያለው ሁሉ ውሃ ባይኖርበትም የሐይቅ ወለል ነው። ውሃው ሲሸሽ በሚገለጠው መሬት ላይ የባለይዞታነት ደብተር አይሰጥ፤ ቢበዛ ለአንድ ወቅት ብቻ የሚያገለግል፣ ቋሚ ተክል የማያስተክል ፈቃድ ይሰጥ። ሐይቁ በደረቀበት ጊዜ ወለሉ መታረሱን አትርሺ። በዚያ መሬት ላይ ጫት አንዴ ከተተከለ ውሃው ሲመለስ ጥያቄው የካሣ ጥያቄ ይሆናል።

የፈቃድ ጊዜን በተመለከተ የቻይናው ሕግ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የባሕር አጠቃቀም ሕግ ለዓሣ እርባታ ቢበዛ 15 ዓመት፣ ለቱሪዝም 25፣ ለጨውና ለማዕድን 30፣ ለወደብ 50 ዓመት ይሰጣል፤ በክፍያ። ባለሀብቱ ያፈሰሰውን የሚመልስበት ጊዜ ከፈቃዱ ዕድሜ ጋር ተያይዟል። ባለ ሦስት ኢንች ቧንቧ የውሃ መሳቢያ ሞተር 15 ዓመት አያስፈልገውም፤ አንድ የመስኖ ወቅት ይበቃዋል።

ሚዛን (ድሬዳዋ)

ከለገሀሬ ጋር በከፍታው ሐሳብ እስማማለሁ። ግን ሂሳቡ መቅደም አለበት። ሂሳብ የሌለው ካርታ «ሞተር እዚህ ይቁም» ሊል ይችላል፤ ስንት ሞተር የሚለውን አይመልስም፣ ሐይቁን የሚያደርቀው ደግሞ ብዛቱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2012 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአካባቢና ኢኮኖሚ ሂሳብ ማዕቀፍ አለ፤ በ2021 የሥነ ምህዳሩ ክፍል ተጨመረበት። የባሕር ሂሳብ የሚሠሩት አገሮች የሚከተሉት ይህንኑ ነው፤ ሐሳቡም ከማንኛውም የንብረት ክፍል መዝገብ የተለየ አይደለም። መክፈቻ ክምችት፣ ሲደመር ገቢ፣ ሲቀነስ ወጪ፣ እኩል ይሆናል መዝጊያ ክምችት። ለሐይቅ ገቢው በላዩ የሚዘንበው ዝናብ፣ ከተፋሰሱ የሚገባው ጎርፍና ከመሬት ሥር የሚመጣው ነው። ወጪው ትነት፣ የሚሳበው ውሃና ወደ መሬት የሚሰርገው ነው። ሀረማያ በተለመደው ጊዜ መውጫ ወንዝ የሌለው መሆኑ ሥራውን ያቀልላል።

አሠራሩን በቁጥር ላሳይሽ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ የራሳችሁን ስትለኩ ትተኳቸዋላችሁ። መሠረቱ ይህ ነው፦ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1,000 ሜትር ኩብ ነው። የውሃው ስፋት 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ 3.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያስገባል። ትነቱ በዓመት 1.5 ሜትር ከሆነ 6 ሚሊዮን ይወጣል። እንግዲህ ማንም አንድ ባልዲ ሳይቀዳ 2.8 ሚሊዮን ጎድሏል፤ ይህን የሚሞላው ጎርፍ ነው። 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ከዝናቡ አሥር በመቶውን ቢያወርድ 4 ሚሊዮን ይገባል። ሐይቁ 1.2 ሚሊዮን ተረፈው።

አሁን ሞተሮቹን አስገቢ። ሦስት ኢንች ሞተር ማሳ ላይ በሰከንድ 8 ሊትር ያህል ይሰጣል (አምራቹ የሚጽፈው ከዚህ ይበልጣል፤ እሱን አትውሰጂ)። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 172.8 ሜትር ኩብ ነው። መቶ ሞተር በ120 ቀን 2.07 ሚሊዮን ይስባል። የተረፈው 1.2 አልቆ 0.87 ሚሊዮን ጉድለት መጣ። ለ4 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲካፈል ሐይቁ በዓመት 22 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። 58ኛው ሞተር ላይ ሂሳቡ ዜሮ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የሚስበው ከመነሻ ክምችቱ ነው። ለስብሰባ ይዘሽ የምትሄጂው ቁጥር ይህ ነው።

ስህተት የሚገባበትን አሁኑኑ ልንገርሽ። ትነቱን በ10 በመቶ ብትስቺ 0.6 ሚሊዮን ነው፤ ያ ከጉድለቱ ሁለት ሦስተኛ ይበልጣል። ስለዚህ ትነትን ከመጽሐፍ ቀድቶ ማስገባት አይሆንም። ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ካለው የአየር ጠባይ ጣቢያ መረጃ መጠየቅ ይቻላል። የራሳችሁን ገንዳ ከተከላችሁ ደረጃውን የጠበቀው 120.7 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ነው፤ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። ገንዳው ከሐይቅ በላይ ስለሚሞቅ ንባቡን በ0.7 ገደማ ታባዢዋለሽ። ወፍና ፍየል ከጠጡበት ትነት ሆኖ ይመዘገባል፤ ወንፊት ሽቦ ይልበስ፣ ዙሪያውም ይታጠር።

ሁለተኛው ስህተት የጉድጓድ ውሃን ለብቻው መቁጠር ነው። ከሐይቁ ዳር 200 ሜትር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ በአብዛኛው የሚስበው ያንኑ ውሃ ነው። «ከሐይቅ መሳብ ተከልክሏል» ሲባል ሞተሩ ወደ ጉድጓድ ይዛወራል፣ መዝገቡ ላይ ሐይቁ ያረፈ ይመስላል፣ ውሃው ግን መውረዱን ይቀጥላል። ሐይቁና በዙሪያው ያለው ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ በአንድ መዝገብ ይያዙ።

ሦስተኛው፣ ሂሳቡ አልዘጋ ሲል ልዩነቱን «ወደ መሬት ሰርጎ» ብሎ ማስገባት። ልዩነት ልዩነት ተብሎ በራሱ መስመር ይጻፍ። በየዓመቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ካደላ አንድ ያልተቆጠረ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ያልተቆጠረ ሞተር ነው።

የሂሳብ ዓመታችሁን በመንግሥት በጀት ዓመት አትጀምሩት። ሐምሌ 1 ክረምቱ መሐል ነው፤ ክምችቱ በየቀኑ ይለዋወጣል። ጥቅምት 1 ይሻላል፣ ዝናቡ አብቅቶ መስኖው ሳይጀምር፤ አንድ የመስኖ ወቅት ተቆርጦ በሁለት ዓመት አይገባም።

ሸዋ በር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የ58ኛው ሞተር ነገር በተለይ አገልግሎኛል። ሁለት ችግር ቀረኝ። አንደኛ፣ ገበሬው «ስንት ሞተር አለህ?» ሲባል ግብር ሊጣልበት መሆኑን ያስባል፤ ግማሹን ይደብቃል። ሁለተኛ፣ መነሻ ክምችቱን ራሱን አናውቀውም። ሐይቁ ከመድረቁ በፊት የተሠራ የጥልቀት ካርታ ቢገኝ እንኳ ደለል ሞልቶታል።

ሚዛን

ከሁለተኛው ልጀምር፣ መነሻው ካልታወቀ ሌላው ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ለ4 ካሬ ኪሎ ሜትር በየ100 ሜትሩ ብትለኩ 400 ነጥብ ይሆናል። አንድ ጀልባ፣ የእጅ ጂፒኤስና ሦስት ሰው ይበቃል። የጂፒኤሱ የ3 ወይም የ5 ሜትር ስህተት እዚህ አይጎዳም። በገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ እንዳትለኩ፤ ጭቃው ልል ስለሆነ ድንጋዩ ይሰምጥና ጥልቀቱን አብዝቶ ያሳያል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የብረት ሳህን ከገመዱ ጫፍ ይታሰር፤ የጭቃው ገጽ ላይ ያርፋል። እዚያው ቦታ ላይ ቀጥሎ ምልክት ያለበት ብረት ዘንግ እስኪጠነክር ድረስ ይወጋ። የሁለቱ ልዩነት የደለሉ ውፍረት ነው። በአንድ ጉዞ የውሃውንም የደለሉንም መነሻ ያዛችሁ። ነፋስ ሳይነሳ ጠዋት ይሠራ፤ የዕለቱም የውሃ ከፍታ ይመዝገብ፣ አለዚያ የሰኞና የዓርብ ልኬት አይገጥምም።

ከዚህ የምታወጡት አንድ ሰንጠረዥ ነው፦ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስንት ስፋት፣ ስንት መጠን። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከፍታውን ማንበብ ብቻ ክምችቱን ይነግራችኋል። ትነቱንም የምታባዙት በዕለቱ ስፋት ነው። ከላይ ያሳየሁሽ ምሳሌ ስፋቱን ቋሚ አድርጎ ነው፤ እውነተኛው ሐይቅ ሲጎድል ይጠባል፣ ትነቱም አብሮ ይቀንሳል፣ የሞተሩ ድርሻ ግን አይቀንስም።

ደለሉም የራሱ ሂሳብ ይኑረው። 5,000 ሄክታር ተፋሰስ ከሄክታር 20 ቶን አፈር ቢታጠብና ከዚያ 30 በመቶው ሐይቁ ቢደርስ 30,000 ቶን ነው፤ በሜትር ኩብ 1.2 ቶን ብለን 25,000 ሜትር ኩብ ቦታ በየዓመቱ ይያዛል። ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። ልዩነቱ ሞተሩ የወሰደውን ዝናብ ይመልሰዋል፤ ደለል የያዘውን ቦታ ግን የሚመልስ የለም፣ በገንዘብ ካልተጠረገ በቀር።

ሞተር ስለመቁጠር፦ ባለቤቱን አትጠይቁ። በመስኖ ወቅት ጠዋት ማለዳ ዳርቻውን ዙራችሁ የሚሠሩትን ቁጠሩ፣ በተለያየ የሳምንት ቀን ድገሙት። ከዚያ በሌላ መንገድ አመሳክሩ። ሴንቲኔል ሁለት የሚባለው ሳተላይት በነጻ፣ በየ5 ቀኑ፣ በ10 ሜትር ጥራት ምስል ይሰጣል። የጥርና የየካቲት ምስል ላይ አረንጓዴ የሆነው ማሳ በመስኖ የለማ ነው። አትክልት በቀን 4.5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ ለሄክታር 45 ሜትር ኩብ ነው፤ በቦይ መስኖ ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ስለሚቀር የሚሳበው 90 ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። የመቶው ሞተር የቀን 17,280 ሜትር ኩብ ለ192 ሄክታር ይበቃል ማለት ነው። ሳተላይቱ 400 ሄክታር ካሳየ ቆጠራችሁ ጎድሏል። ተጠንቀቂ ግን፣ ጫት ያለመስኖም ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። የጫቱን ማሳ በመሬት ላይ ጉብኝት ለዩት፤ አለዚያ መስኖው ያለ ልክ ይጋነናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፦ የተሳበና የጠፋ ውሃ አንድ አይደሉም። ከቦይ የሚሰርገው ግማሽ ከሐይቁ ዳር ከሆነ በከፊል ይመለሳል። መዝገቡ ሦስት አምድ ይኑረው፣ የተሳበ፣ የተመለሰ፣ የተበላ። የቦይ ፕላስቲክ አንጥፈው «ግማሹን ውሃ አተረፍን» የሚሉ ፕሮጀክቶች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሲመለስ የነበረውን ውሃ ቆጥበው በእሱ ተጨማሪ ማሳ ያለማሉ፤ የተበላው ይጨምራል፣ ሐይቁም ከበፊቱ ይብስ ይወርዳል።

ከዚራ (ድሬዳዋ)

ስለ ገንዘቡና ስለ ሕጉ ማንም ስላላነሳ እኔ ልግባ።

ሐይቁ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ጠጪዋ ሐረር የራሷ ክልል ናት። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ለሐረር ውሃ የመጣው ድሬዳዋ አካባቢ ካሉት የሀሰሊሶ ጉድጓዶች ነው። ስለዚህ የሐይቁ ጉድለት የተዛወረው ወደ ሌላ አስተዳደር ነው፤ ሂሳቡን አንድ ወረዳ ብቻውን ሊዘጋው አይችልም። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የቤት ውስጥ ፍጆታ ከማንኛውም አጠቃቀም ቅድሚያ አለው። ያው አዋጅ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የነዳጅ ሞተር «ባህላዊ» ነኝ ብሎ እንዳያልፍ ረቂቃችሁ በግልጽ ይጻፈው።

የሐይቁን ውሃ ዋጋ ለማወቅ ከሁሉ የሚታመነው መንገድ መተኪያውን ማስላት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃን 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ፓምፑ 65 በመቶ ብቃት ካለው 0.42። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። 700 ሜትር ብንል በሜትር ኩብ 2.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ መስመሩ በሚያልፍበት ዳገትና በቧንቧው ውስጥ ሰበቃ ምክንያት እውነተኛው ከዚህ ይበልጣል። ሀረማያ ግን ከሐረር በላይ ነው። የሐይቁ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለሐረር የሚያወጣው ዋጋ ቢያንስ ይህ የቀረ መብራት ነው። ይህን በታሪፉ አባዝታችሁ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡት፤ ሦስቱን አስተዳደሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ቁጥር ነው።

የመስኖውን ዋጋ ስታሰሉ ግን የጫቱን ሽያጭ የውሃው ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትወስዱ። ከሽያጩ ላይ ማዳበሪያና ነዳጅ፣ የሠራተኛ ደሞዝ (የባለቤቱና የቤተሰቡ ጉልበት ጭምር)፣ የሞተሩ እርጅናና በሞተሩ ላይ የታሰረው ገንዘብ ሊያስገኝ የሚችለው ትርፍ ይቀነሳል። የሚቀረው የሀብቱ ኪራይ ነው። የሞተር ክፍያ መጣል ካስፈለገ ጣሪያው ይህ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ገበሬው እየከሰረ ይከፍላል፣ ወይም አይከፍልም። የተሰበሰበው በእርከንና በደለል ማጥመጃ ሆኖ ወደ ተፋሰሱ እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ሲሸልስ ባሕሯን ስትሸነሽን ያደረገችው ተመሳሳይ ነው። ዕዳዋ በከፊል ወደ ጥበቃ ተለወጠ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የ15 ሚሊዮን ዶላር ሰማያዊ ቦንድ (ገንዘቡ ለባሕር ሥራ የሚውል የብድር ሰነድ) ሸጠች፣ በ2020 ከባሕሯ 30 በመቶውን ለጥበቃ አዋለች። ገንዘቡና ካርታው አንድ ላይ ስለተፈረሙ አንዱን ትቶ ሌላውን መውሰድ አልተቻለም።

በነገራችን ላይ፣ ባሕር የሌለው አገር የባሕር ሂሳብ ምን ያደርግለታል ለሚል፦ የባሕር ሕጉ አንቀጽ 69 ወደብ አልባ አገሮች ከጎረቤታቸው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ከሚተርፈው ዓሣ ፍትሐዊ ድርሻ እንዲኖራቸው ይላል። «የሚተርፈው» የሚለው ከአንቀጽ 61 እና 62 የሚወጣ ሂሳብ ነው፤ ባለ ባሕሩ አገር ሊጠመድ የሚችለውን ጣሪያ ይወስናል፣ ከዚያ የራሱ የማጥመድ አቅም ይቀነሳል። ያለ ክምችት መዝገብ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፣ ድርድርም የለም። በባቡር መስመሩ ጫፍ ስላለው ባሕር የምናወራ ሁሉ ይህን ሙያ ብንማር ይጠቅመናል።

ለገሀሬ

ዓሣውን በተመለከተ ልጨምር፣ ቆሮሶና አምባዛ ለመልቀቅ ካሰባችሁ። ክምችቱን በአጥማጁ ምርት ብቻ አትገምቱት። የካናዳው የኮድ ዓሣ በ1992 እ.ኤ.አ. ማጥመድ እስኪታገድ ድረስ የትልልቅ መርከቦቹ የዕለት ምርት ጥሩ ነበር፤ ዓሣው እያለቀ ሲሄድ የቀረው በአንድ ቦታ ይሰበሰብ ስለነበር መርከቦቹ እዚያው እየሄዱ ይሞሉ ነበር። ሐይቅ ሲጎድል ደግሞ ይህ ይብሳል። ውሃው ሲጠብ ዓሣው ይታመቃል፣ መረቡ ይሞላል፣ መዝገቡ «ዓሣ በዛ» ይላል። ስለዚህ ምርቱ ሁልጊዜ ከዕለቱ የውሃ መጠን ጋር ይጻፍ፣ ከተያዘውም የናሙና ርዝመት ይለካ። አማካይ ርዝመቱ እያጠረ ከመጣ ምርቱ ቢያድግም ማጥመዱ ይቀነስ።

የሚዛንን ሂሳብ ከቀጠናው ጋር የሚያያይዘው ደግሞ የከፍታ ደረጃ ነው። ጥቅምት 1 ቀን የተነበበው ከፍታ የዚያን ዓመት ፈቃድ ይወስን፦ ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ ሞተር በቀን 6 ሰዓት፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ 3 ሰዓት፣ ከታችኛው በታች ከወረደ ለመጠጥና ለከብት ብቻ። ደንቡ ውሃው ገና ሞልቶ ሳለ ይፈረም። ሲጎድል ስብሰባ ብትጠሩ ያን ጊዜ ዘሩ መሬት ገብቷል፣ ብድሩ ተወስዷል፤ ማንም እሺ አይልም።

ሸዋ በር

ይህን ሁሉ ወደ ረቂቁ አስገባለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ገንዘባችን በጣም ትንሽ ነው። ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ የምንሠራ ከሆነ የትኛው ይሁን?

ሚዛን

የከፍታ መለኪያው። ሌላው ሁሉ ዘግይቶ ሊሠራ ይችላል፤ ያልተነበበ ዓመት ግን ተመልሶ አይነበብም።

በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ የብረት ሰሌዳ፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር፣ ከዳርቻው ወደ ጥልቁ በተርታ ይተከል። ውሃው ሲሸሽ አንዱ ከመድረቁ በፊት ቀጣዩ ማንበብ እንዲጀምር ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረቡ። የሚቆሙበት ምሰሶ ጭቃውን አልፎ ጠንካራው መሬት ላይ ይድረስ፤ ጭቃ ላይ ብቻ የቆመ ሰሌዳ ቀስ ብሎ ይሰምጥና ውሃው የወጣ ያስመስላል። ለዚህም ከጎርፍ በላይ፣ አለት ላይ ወይም በደንብ በተመሠረተ ኮንክሪት ላይ ሁለት ቤንች ማርክ (ከፍታው የታወቀ ቋሚ ምልክት) አድርጋችሁ በየዓመቱ በሌቭል (በቀያሾች የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ሰሌዳዎቹን አመሳክሩ። ሁለት የምልሽ አንዱ ከተነቀለ ሌላው እንዲቀር ነው። ንባቡ በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነፋሱ ውሃውን ወደ አንድ ወገን ሳይገፋው ይሁን። አንባቢው እዚያው ዳር የሚኖር ሰው ሆኖ በወር የሚከፈለው ይሁን፣ በሁለት ደብተር ይጻፍ፤ አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ በወሩ መጨረሻ ወደ እናንተ። የቀየሳ ባለሙያውን ክረምቱ ሳይገባ ብታመጪው ሰሌዳውን በደረቅ መሬት ላይ ትተክያለሽ፤ ከገባ ግን ጀልባ መከራየት ይመጣል።